የዳንስ ዘፈን ቤቱ ኮሌክሽን ነበር፦ «የትርፍራፊ ሣጥን» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙዚቃ ጸሐፊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና በቀረው አውሮፓ እየታተሙ በዓለም ስለተሰራጩት የፖፕና የዳንስ ኮሌክሽን አልበሞች (የተለያዩ ድምፃውያንን ዘፈኖች በአንድ ሽፋን የሚሰበስቡ አልበሞች) ያወጡትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። የጸሐፊው ክስ ባጭሩ እንዲህ ነው። እነዚህ አልበሞች የሙዚቃ ኩባንያዎች ያልተሸጠ ዕቃቸውን የሚያራግፉባቸው የትርፍራፊ ሣጥኖች ነበሩ፤ የድምፃውያንን የግል አልበም ገበያ ዘግተዋል፤ ዘፈኖችን እየቆራረጡ አቅርበዋል፤ የማይታወቁ ሰዎችን ድምፅ በሞዴሎች መልክ ሸፍነው ሸጠዋል፤ በዘፈኖቹ አደራደር ምንም የታሰበበት ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ፕሌይሊስት ስላለ ደግሞ እነሱን ማስታወስም አያስፈልግም። ጽሑፉ ባማረ አማርኛ የተጻፈና ከልብ የመነጨ ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። ከክሶቹ መካከል እውነት ያላቸው አሉ፤ እነሱን ሳልሸሽግ እቀበላለሁ። የጽሑፉ መሠረት ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሠረቱ ተሳስቷል የምለው ጸሐፊው እነዚህን አልበሞች የሚመዝኑት በሮክ አልበም ሚዛን ስለሆነ ነው። አንድ ድምፃዊ ወይም አንድ ባንድ ዓመት ለፍቶ አሥር ዘፈን ሲያወጣ፣ አሥሩን በአንድ መንፈስ ማያያዝ የእሱ ሥራ ነው። የዚያ ዘመን የዳንስ ሙዚቃ ግን የሚሠራው በዚህ መንገድ አልነበረም። በፍራንክፈርት፣ በብራስልስ፣ በሚላኖ ወይም በሎንዶን ሁለት ወይም ሦስት ፕሮዲዩሰሮች በአንድ ስቱዲዮ ተቀምጠው አንድ ነጠላ ዜማ ይሠራሉ፤ ድምፃዊት ይቀጥራሉ፤ ለሥራቸው ስም ያወጡለታል፤ ዘፈኑ በምሽት ክበቦች ከተወደደ ወደ ሬዲዮ ይሻገራል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ሥራ አልነበራቸውም፤ አልበም ያወጡትም ቢሆን አንዷን ተወዳጅ ዘፈን በዘጠኝ መሙያ ከበው ነው። እንግዲህ የዚህ ሙዚቃ እውነተኛ አልበም የቱ ነበር ብለን ብንጠይቅ መልሱ ኮሌክሽኑ ነው። ይህን ካልተቀበልን ዘመኑን በራሱ ሚዛን ልንመዝነው አንችልም።

አሁን ወደ ክሶቹ ልግባ። «ትርፍራፊ» የሚለው ቃል ከታሪኩ ጋር አይስማማም። በዚህ ዘርፍ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ናው ዛትስ ዋት አይ ኮል ሚዩዚክ የተባለው ተከታታይ አልበም ኅዳር 28 ቀን 1983 በእንግሊዝ ሲወጣ፣ አሳታሚዎቹ ቨርጂንና ኢኤምአይ ነበሩ፤ ከያዛቸው 30 ዘፈኖች ውስጥ 11ዱ በአገሪቱ የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጡ ናቸው። አንደኛ የወጣን ዘፈን ትርፍራፊ ብሎ የሚጠራ ነጋዴ አላውቅም። የሐሳቡ አዲስነትም እዚህ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ኬቴልን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የሌሎችን ዘፈኖች በፈቃድ ተከራይተው፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ እያሻሻጡ ያትሙ ነበር፤ ከዚያም በታች፣ ተወዳጅ ዘፈኖችን ስማቸው ባልተጻፈ የስቱዲዮ ድምፃውያን አስዘፍነው በርካሽ የሚሸጡ ነበሩ። የጸሐፊው ቁጣ ለእነዚያ ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው እቆጣ ነበር። በ1983 የተለወጠው ነገር ግን የመብቱ ባለቤቶች ራሳቸው ተስማምተው፣ ትኩስ ዘፈኖቻቸውን ከነዋናው ቅጂ በአንድ ሽፋን ማውጣታቸው ነው። በዓመቱ ሲቢኤስና ደብሊውኢኤ በበኩላቸው ተባብረው ዘ ሂትስ አልበም የተባለውን ተፎካካሪ አወጡ፤ ያም የናውን አራተኛ ዕትም አንደኛ እንዳይወጣ አግዶታል። አራት ታላላቅ ኩባንያዎች በሁለት ጎራ ተሰልፈው የተፎካከሩበት ዕቃ የጓዳ ትራፊ ሊሆን አይችልም።

በነገራችን ላይ ስሙ የመጣው ከአንድ አሮጌ የዴንማርክ የአሳማ ሥጋ ማስታወቂያ ነው። በሥዕሉ ላይ አሳማው የምትዘፍነውን ዶሮ እያዳመጠ «እንግዲህ ሙዚቃ ማለት ይህ ነው» ይላል። ማስታወቂያውን የገዛው የቨርጂን ባለቤት ሪቻርድ ብራንሰን ሲሆን፣ የሰጠውም ለአጎቱ ልጅና ለሥራ ባልደረባው ለሳይመን ድሬፐር ነበር። ይህን የማነሣው ጸሐፊው ስሙን «የትዕቢት ስም» ስላሉት ነው፤ ምንጩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሥጋ ማስታወቂያ ነው።

«የድምፃውያንን አልበም ገበያ ዘግተዋል» የሚለው ክስ ጊዜውን አልጠበቀም። ኮሌክሽኖቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝን የአልበም ሰንጠረዥ አናት እየያዙ ድምፃውያንን ወደ ታች መግፋታቸው እውነት ነው፤ ኩባንያዎቹና ድምፃውያኑ ስላጉረመረሙም ከጥር 1989 ጀምሮ ኮሌክሽኖቹ ከዋናው ሰንጠረዥ ወጥተው የራሳቸው ሰንጠረዥ ተዘጋጀላቸው። ስለዚህ ጸሐፊው በሚናገሩበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ኮሌክሽን የማንንም የግል አልበም ከአንደኛ ደረጃ ሊያወርድ አይችልም ነበር። ቅሬታው በ1986 ተነሥቶ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ በ1992 ግን ጉዳዩ ተዘግቷል። ገበያው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሰፋ እንጂ አልጠበበም፦ ናው በ1990 እና በ1991 በየዓመቱ ሁለት ዕትም ሲያወጣ ቆይቶ ከ1992 ጀምሮ ሦስት ሦስት ማውጣት ጀመረ። በዚያው ዓመት በጀርመን ብራቮ ሂትስ ተጀመረ፤ በአሜሪካም ከ1991 አንሥቶ ቶሚ ቦይ የተባለው ኩባንያ የሙዚቃ ቴሌቪዥኑን የኤምቲቪን ስም ይዞ የዳንስ ኮሌክሽኖችን ያወጣ ነበር።

የገንዘቡን ነገር ግን አላልፈውም። ኮሌክሽን ላይ የሚገባ ዘፈን ከእያንዳንዱ ቅጂ የሚደርሰው ድርሻ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ተካፍሎ ነው፤ አርባ ዘፈን ባለበት ድርሻው ትንሽ ይሆናል። ሆኖም ሁለተኛ ዘፈን ለሌለው የዳንስ ፕሮዲዩሰር፣ የነጠላ ዜማው ሽያጭ በስድስትና በስምንት ሳምንት ካበቃ በኋላ ቀጣዩ ገቢ የሚመጣው ከዚሁ ነበር። ያ ገቢ ለፕሮዲዩሰሩ ሲደርስ ለዘፈነችው ሴት ላይደርስ መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ክስ፣ የመቆራረጡ፣ በከፊል ትክክል ነው። በሸክላ ዘመን አንዱ ገጽ ከሃያ ሁለት ደቂቃ ብዙ ሲያልፍ መስመሮቹ ይጠባሉ፤ ድምፁም ይደክማል። በአንድ ሸክላ ሃያ ዘፈን ለማስገባት ይጣጣሩ የነበሩት አሳታሚዎች ዘፈኖቹን መቀስ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ይህ ነውር ነበር፤ አልከላከለውም። ዲጄ አንዱን ካንዱ እያቀላቀለ ያለ ዕረፍት ባዘጋጃቸው አልበሞችም ላይ መግቢያውና መውጫው ይጠፋል፤ እኔም ለማዳመጥ አልወዳቸውም። ነገር ግን ጸሐፊው «ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ» እያሉ የሚያማርሩባቸው ቅጂዎች ብዙዎቹ በኮሌክሽኑ የተቆረጡ አይደሉም። አንድ የዳንስ ዘፈን ያን ጊዜ የሚወጣው ቢያንስ በሁለት መልክ ነበር፦ ለምሽት ክበብ ዲጄዎች በትልቁ ሸክላ ስድስትና ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ለሬዲዮ ደግሞ አጠር ያለ። ሕዝቡ በሬዲዮ የሰማው፣ የወደደውና የገዛው አጭሩን ነው፤ ኮሌክሽኑም ያንኑ ያዘ። ሲዲ መጥቶ በአንድ ገጽ 74 ደቂቃ ከተገኘ በኋላ ለቦታ ሲባል የመቁረጥ ምክንያቱ እያነሰ ሄደ።

የትኛው ቅጂ ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የድምፃዊቷ የሮቢን ኤስ «ሾው ሚ ላቭ» ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1990 ነው፤ ሰው ሁሉ በዚያ የኦርጋን ባስ የሚያውቀው ግን ስዊድናዊው ስቶንብሪጅ በኋላ የሠራው፣ በ1993 በእንግሊዝ ከምርጥ አሥር ውስጥ የገባው ሪሚክስ (እንደገና የተቀናበረ ቅጂ) ነው። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ሌላ ዘፈን የሰማ ይመስለዋል። የዚያን ዓመት ኮሌክሽን የሚያወጣ ሰው ሕዝቡ የሚጨፍርበት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ማወቅ፣ ለዚያው ቅጂም ፈቃድ ማግኘት ነበረበት።

ስለ መቆረጥ ከተነሣ፣ እኔ የማውቀው መቆረጥ ከሎንዶን የመጣ አልነበረም። በ1992 ግድም ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ሙዚቃ ቤት ባለ 90 ደቂቃ ቲዲኬ ካሴት ገዝቼ የዳንስ ዘፈኖች አስቀዳሁ። ቀጂው ከውጭ ከመጣ ኮሌክሽን ላይ እየገለበጠ ቀዳልኝ፤ በጎኑም በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዳንስ 5» ብሎ ጻፈበት። የመጀመሪያው ገጽ አርባ አምስት ደቂቃው ሲሞላ፣ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በምታወጣበት ቦታ ላይ ዘፈኑ ቀጥ አለ። ጣቱ የመዝጊያውን ቁልፍ ሲጫን የተሰማው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ሳይቀር ተቀድቷል። ዘፈኑ እንደዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ዓመታት አለፉ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከሎንዶን ሲመጣ ዋናውን ባለ ሁለት ካሴት ኮሌክሽን ይዞ መጣ፤ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደምትዘፍን ያን ዕለት አወቅሁ።

ካሴቱን ትቼ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የታጠፈ ረጅም ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ዓይን የሚያደክም ጥቃቅን ነው። በእያንዳንዱ ዘፈን ስር ደራሲው፣ ፕሮዲዩሰሩ፣ የቅጂው ባለቤትና ቀረጻው የወጣበት ዓመት ተጽፏል። «ዳንስ 5» ከሚለው ጽሑፍ በቀር ምንም ለማያውቅ ሰው ያ ወረቀት ብዙ ነገር ነበር። ዘፈኖቹ የቤልጅግ፣ የጣሊያን፣ የጀርመን፣ የስዊድን መሆናቸውን፣ ሁሉም «የአሜሪካ ዘፈን» አለመሆናቸውን ያወቅሁት ከዚያ ነው። ጸሐፊው «ስም የለሽ ሙዚቃ» ያሉትን ስም የሰጡት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው።

ይህ ወደ አራተኛው ክስ ያደርሰኛል፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው፤ ጸሐፊውም በትክክለኛ ቁጣ ጽፈውታል። ድምፅ ከአንዷ ተወስዶ መልክ ከሌላዋ መወሰዱ እውነት ነው። በ1989 የጣሊያኖቹ ብላክ ቦክስ «ራይድ ኦን ታይም» በእንግሊዝ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ በመድረክ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ካትሪን ኩዊኖል የምትባል ሞዴል ነበረች፤ ድምፁ ግን የሎሊያታ ሆሎዌይ ነው፤ እሱም በ1980 ከቀረጸችው «ላቭ ሴንሴሽን» ተቆርጦ የተወሰደ ነው። ሆሎዌይ መብቷን ስትጠይቅ ዘፈኑ በሔዘር ስሞል ድምፅ እንደገና ተቀረጸ። ቀጥለው ባወጡት አልበም ላይ አብዛኛውን የዘፈነችው ማርታ ዋሽ ስትሆን፣ እሷም በሽፋኑ ላይ አልነበረችም። ይህችው ማርታ ዋሽ ሲ ኤንድ ሲ ሚዩዚክ ፋክተሪ የተባለው ቡድን በየካቲት 1991 በአሜሪካ አንደኛ ባወጣው «ጎና ሜክ ዩ ስዌት» ላይ ያ የሚጣራው ድምፅ ናት፤ በቪዲዮው ግን የምትታየው ዜልማ ዴቪስ ናት። ዋሽ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ጉዳዩም በ1994 በስምምነት ሲያልቅ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ በቪዲዮው ላይ እንዲጻፍ ተደረገ።

ለአፍሪካውያን ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ቴክኖትሮኒክ የተባለው ቡድን ጉዳይ ነው። በ1989 የቤልጅጉ ጆ ቦጋርት ያቀናበረው «ፓምፕ አፕ ዘ ጃም» በእንግሊዝም በአሜሪካም ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። በሽፋኑና በቪዲዮው ላይ የወጣችው ፌሊ የምትባል የኮንጎ ተወላጅ ሞዴል ናት። ግጥሙን በዚያ ጠንካራ ድምፅ የምታወርደው ግን ኪንሻሳ የተወለደችው ያ ኪድ ኬ ናት። በኋላ እሷ ራሷ በስሟና በመልኳ ወደ ፊት ወጥታለች። ጸሐፊው «ማንም የማያውቃት» ያሏት፣ ኮሮና የተባለው ቡድን ያወጣው የ«ዘ ሪዝም ኦቭ ዘ ናይት» ድምፃዊትም ትታወቃለች፦ በመድረክ የታየችው ብራዚላዊቷ ኦልጋ ሱዛ ስትሆን የዘፈነችው ጣሊያናዊቷ ጆቫና ቤርሶላ ናት፤ የመድረክ ስሟም ጄኒ ቢ ነው።

እነዚህ ሴቶች ተበድለዋል። ጥያቄው በዳዩ ማን ነበር የሚለው ነው። ሽፋኑን የወሰነው፣ ውሉን የጻፈው፣ ለሙከራ ቀረጻ ብቻ የተከፈለበትን ድምፅ ለዓለም ገበያ ያዋለው የዋናው ነጠላ ዜማ አሳታሚና ፕሮዲዩሰር ነው። ኮሌክሽኑ ዘፈኑን የተቀበለው ከነስሙ፣ መብት አለኝ ካለው አካል ነው። በደሉን ወለደ ማለት አይቻልም፤ አሰራጭቶታል ቢባል ግን እቀበላለሁ። በሌላ በኩል አንድ የማይካድ ነገር አለ። በኮሌክሽን ላይ ዘፋኟን የሚተካ ሞዴል የለም፤ የሃያ ዘፈን መልክ በሽፋን ላይ አይገባም፤ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ቁጥርና ቀለም ነው። እኔ በ«ዳንስ 5» ካሴት ላይ ማርታ ዋሽን የሰማሁት ማንም መልክ ሳይሸፍናት ነው። ስሟን ሳላውቅ ድምፅዋን ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ አውቀው ነበር፤ ሁለት የተለያየ የቡድን ስም ባላቸው ዘፈኖች ላይ «ይቺ ያቺው ናት» ብዬ ከወንድሜ ጋር የተከራከርኩት ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ ካሴት ላይ ጎን ለጎን ስለነበሩ ነው። ወንድሜ በቪዲዮ የታዩት ሴቶች ስለሚለያዩ አላመነኝም ነበር።

ስለ አደራደር የተባለው ብዙ መልስ አያስፈልገውም። ካሴት ለመዝለል የማይመች ዕቃ ነው፤ የሚቀጥለውን ዘፈን መፈለግ ባትሪ ይጨርሳል፤ ክሩንም ያላላል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደሚያዳምጥ አውቀው ያሰልፉ ነበር፦ የታወቀው ዘፈን በር ይከፍታል፣ ዳንሶቹ በአንድ ገጽ ይሰባሰባሉ፣ ለስላሳዎቹ ወደ ማብቂያው ይሄዳሉ። ራፕ የጠላ ሰው ራፕ የሰማው፣ ጊታር የወደደ ሰው የፍራንክፈርትን ዳንስ የለመደው በዚህ አሰላለፍ ነው። በስቶክሆልም ጥርስ ሐኪም የነበረው ናይጄሪያዊው ዶክተር አልባን ከአሜሪካ የፍቅር ዘፈን ቀጥሎ ሲመጣ ያስገርማል፤ ግን በ1992 አንድ ሰው ሬዲዮ ቢከፍት የሚሰማው ልክ እንደዚያው ነበር።

የመጨረሻው ክስ «ዛሬ ሁሉም በስልካችን ስላለ አያስፈልጉም» የሚል ነው። ሁሉም የለም። ኬኤልኤፍ የተባሉት ሁለት ብሪታንያውያን በጥር 1991 «ስሪ ኤኤም ኢተርናል» በተባለው ዘፈናቸው በአገራቸው አንደኛ ወጥተው ነበር፤ በግንቦት 1992 ሥራ ማቆማቸውን አውጀው በእንግሊዝ ያሳተሟቸውን ሁሉ ከገበያ አስወጡ። ዘፈኖቻቸው ወደ ዲጂታል አገልግሎቶች መመለስ የጀመሩት ጥር 1 ቀን 2021 ነው። በመካከሉ ባሉት ከ28 ዓመት በላይ እነዚያን ዘፈኖች በሕጋዊ ቅጂ ያገኘ ሰው፣ ያገኘው ከአሮጌ ሸክላ፣ ካሴት ወይም ሲዲ ነው፤ ብዙው ሰው ደግሞ ቤቱ የነበረው የእነሱ አልበም ሳይሆን በዘመኑ የገዛው ኮሌክሽን ነበር። የቀሩትም ዘፈኖች ቢሆኑ፣ የዘጠናዎቹን ዳንስ ዛሬ በስልኩ የሚፈልግ ሰው ድምፃዊቷ ከዓመታት በኋላ እንደገና የቀረጸችውን፣ ከበሮው የተለወጠውን ቅጂ ዋናው መስሎት ሲያዳምጥ ይገኛል። ፕሌይሊስት ዛሬ ያዘጋጀው ሰው ነገ ይለውጠዋል፤ የአንድ ዘፈን ፈቃድ ሲያበቃ መስመሩ ጠይሞ ይቀራል። የ1992 ካሴት ግን የያዘው የ1992ን ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ራሳቸው የረዱኝ ይመስለኛል። በጽሑፋቸው መጨረሻ በ1990ዎቹ ማብቂያ በፈረንሳዩ ቡዳ ሚዩዚክ የተጀመረውን የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ «ቅርሳችንን ከመጥፋት ያዳነ» ብለው አመስግነዋል። እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ኢትዮፒክስም ኮሌክሽን ነው። ከአምሃ ሪከርድስና ከካይፋ ሪከርድስ ሸክላዎች ላይ ነጠላ ዜማዎችን ለቅሞ፣ ፈቃድ አስፈቅዶ፣ በአንድ ሽፋን የሰበሰበ ሥራ ነው። የእኛም የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሙዚቃ በአብዛኛው የነጠላ ዜማ ሙዚቃ ነበር፤ በአንድ ትንሽ ሸክላ ሁለት ዘፈን። ለዚህ ነው በአልበም ሲፈለግ የማይገኘው፤ ለዚህ ነው ሰብሳቢ ያስፈለገው። የተከታታዩ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያን ሁሉ ሸክላ ለማሰባሰብ የለፋው ዘፈኖቹ ከወጡ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም የተላለፈው ከተጫረ ሸክላ ላይ ነው። ሎንዶን ውስጥ ያን ዓይነት ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ዘፈኑ ገና በሰንጠረዡ ላይ እያለ፣ ማስተሩ (ዋናው ቀረጻ) በኩባንያው መደርደሪያ ላይ እያለ፣ የደራሲው ስም ገና ሳይረሳ በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰበስቡ ነበር። ያኛውን ቅርስ፣ ይኸኛውን ትርፍራፊ የሚያሰኝ ልዩነት በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።